«የለም» የተባለው ሰው የት ይመዘገባል?

ግልጽ ደብዳቤ

በሰሜን ሸዋ ለሚገኙ የጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ለጤና ጣቢያና ለሆስፒታል የሥራ አመራር ቦርዶች፣ እንዲሁም መስኮት ላይ ለሚውሉ የሙያ ባልደረቦቼ

ጉዳዩ፦ ታዝዞ ያልተገኘ መድኃኒት እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ደብረ ብርሃን ላይ አነስተኛ መድኃኒት ቤት አለችኝ። ከዚያ በፊት የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። መጀመሪያ መንዝ፣ በኋላ ደግሞ ቆላው ላይ በጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ስቶርም ይዣለሁ፣ መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይም ቆሜያለሁ፣ ሪፖርትም ሞልቻለሁ። ይህን የማነሳው የቆምኩበትን ቦታ ከወዲሁ እንድታውቁት ነው። ዛሬ እንጀራዬ የሚጋገረው በመንግሥት ፋርማሲ ጉድለት ነው። እዚያ «የለም» የተባለ ሰው ነው ወደ እኔ የሚመጣው። የምጠይቀው ነገር ከተሳካ ገበያዬ ይቀንሳል። ይቀንስ፤ ሌላ የምሸጠው አላጣም።

የሚመጣልኝ ማዘዣ ብርቅ መድኃኒት የተጻፈበት አይደለም። የደም ግፊቱ አምሎዲፒን ነው። የስኳሩ ሜትፎርሚን ነው። የሕፃን አሞክሳሲሊን ነው። አንዳንዴ ጓንትና ግሉኮስ ሳይቀር ተጽፎ ይመጣል። እነዚህ መሠረታዊ የሚባሉት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ለሚታመመው በሽታ የሚሆኑት መድኃኒቶች ሁልጊዜ፣ በበቂ መጠን፣ ሰው በሚችለው ዋጋ ይገኙ ነው። አገራችንም የራሷ ዝርዝር አላት። በዝርዝሩ የሚጣላ የለም። ጣጣው ያለው መስኮቱ ላይ ነው።

ሰው ማዘዣውን ያስቀምጥና ዋጋ ይጠይቃል። ደምሬ እነግረዋለሁ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ከመንዝ በኩል የመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ ከነዚህ ውስጥ የትኛው ይበልጣል?» ብለውኛል። ሦስት ዓይነት ታዝዞላቸዋል፤ የያዙት ገንዘብ ለአንዱ ነው የሚበቃው። እንዲህ የሚጠይቁኝ እሳቸው ብቻ አይደሉም። ሌላው ደግሞ የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ «የሁለት ቀኑን ስጠኝ፣ ካልተሻለኝ እመለሳለሁ» ይላል። ይህ ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ይጀምራል። እኚያ አባት የታከሙበት ተቋም ውስጥ ሦስቱንም መድኃኒት እንዳጡ የሚያሳይ ወረቀት የት አለ? የትም የለም። መድኃኒት ሲሰጥ ማዘዣው ፋርማሲው ጋ ይቀራል፣ ይመዘገባል፣ ፋይል ይገባል። ሳይሰጥ ሲቀር ግን ለታካሚው ይመለስለታል። ማስረጃው የሰውየው ኪስ ውስጥ ሆኖ መኪና ይሳፈራል። መጨረሻው እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

«ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ደብዳቤ ይጻፍበታል?» የሚል ይኖራል። የመድኃኒት እጥረት ሲነሳ ሁላችንም የምንጠራው ዶላሩን፣ መንገዱን፣ አቅራቢውን ነው። እውነት ነው፣ ወደ እነሱም እመጣለሁ። ግን የዶላሩን ነገር መንዝ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ አይፈታውም። የመዝገቡን ነገር ግን ነገ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል።

ለቦርድ አባላት አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ፤ ባለሙያዎች ዘልላችሁ እለፉት። በተቀናጀው የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት መሠረት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በየሁለት ወሩ አርአርኤፍ የሚባለውን የሪፖርትና የጥያቄ ቅጽ ይሞላሉ። በሁለቱ ወር ውስጥ ምን ያህል ወጪ እንደሆነ ይሰላል። ያ በሁለት ይባዛና የአራት ወር ይሆናል። ከፍተኛው ክምችት እሱ ነው። ስቶር ውስጥ ያለው ከዚያ ላይ ይቀነስና ቀሪው ይጠየቃል። ክምችቱ ከሁለት ወር በታች እንዳይወርድ ነው የሚፈለገው። ሁለት ሳምንት የሚያደርስ ብቻ ከቀረ የድንገተኛ ጥያቄ ይላካል። ጥሩ ሥርዓት ነው። እኔም አምንበታለሁ።

ክፋቱ የወጣው መጠንና የሚያስፈልገው መጠን እንደ አንድ ነገር መቆጠራቸው ነው። በቁጥር እንየው። አንድ ጤና ጣቢያ 20 የደም ግፊት ታካሚዎች አሉት እንበል። እያንዳንዳቸው በቀን አንድ ፍሬ አምሎዲፒን ይወስዳሉ። በወር 600 ፍሬ፣ በሁለት ወር 1,200 ፍሬ ነው። አሁን ከ60ው ቀን ውስጥ መድኃኒቱ 30 ቀን አልነበረም እንበል። የወጣው 600 ብቻ ይሆናል፤ ስቶሩም ባዶ ነው። ቅጹ 600ን በሁለት አባዝቶ 1,200 ይጠይቃል። መጠየቅ የነበረበት 2,400 ነው። የመጣው 1,200 ለሁለት ወር ልክክ ይላል። መኪናው አንድ ሳምንት ቢዘገይ የሚሸፍን ትርፍ የለም። ያውም የተጠየቀው በሙሉ ከመጣ ነው። በዚህ መሀል ከ20ዎቹ አንዳንዶቹ ከውጭ መግዛት ይለምዳሉ። አንዳንዶቹ እየዘለሉ ይውጣሉ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ይተዉታል። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ፍላጎቱ የወረደ ይመስላል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን አልቀነሰም። እጥረቱ ራሱ ለሚቀጥለው እጥረት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል ማለት ነው።

ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች ይህን ሳያስቡት ቀርተው አይደለም። ዕቃው ያልነበረባቸው ቀናት የሚሞሉበት ቦታ አለው። እሱ በትክክል ከተሞላ ስሌቱ ይቃናል፤ 600 የወጣው በ30 ቀን ነው፣ ስለዚህ በ60 ቀን 1,200 ይወጣ ነበር ይባላል። ግን ስንቱ ነው የሚሞላው? ቀኑን ለማወቅ ቢን ካርዱ፣ ማለትም ስቶር ውስጥ የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚያዝበት ካርድ፣ ዕቃ በገባና በወጣ ቁጥር መጻፍ አለበት። ትንሽ ጤና ጣቢያ ላይ ስቶሩም መስኮቱም ሪፖርቱም አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ነው። ያ ሰው ሥልጠና ሲሄድ መስኮቱ ይዘጋል ወይም ነርስ ትሸፍናለች። ዳጉ የተባለው የክምችት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ያለበት ተቋምም ቢሆን፣ ሶፍትዌሩ የሚያወጣው ያስገቡለትን ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁላችንም ወደ ካርዳችን ነው የምንመለሰው። ስለዚህ በልጆቹ አልፈርድም። አርአርኤፍ የሚሞላበት ሰሞን ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ደግሞም ባዶ የነበሩት ቀናት ቢታወቁ እንኳ በነዚያ ቀናት ስንት ሰው መጥቶ እንደተመለሰ አይነግሩንም። የምጠይቀው እሱን የሚይዝ አንድ ደብተር ነው።

ደብተሩ መስኮቱ ላይ ይቀመጥ። የታካሚ ስም አያስፈልግም። ቀን፣ የመድኃኒቱ ስምና ጥንካሬ፣ የታዘዘው መጠን፣ ጭራሽ አልተሰጠም ወይስ ተቀንሶ ተሰጠ፣ ታካሚው የጤና መድን አባል ነው ወይስ ከኪሱ ከፋይ። በቃ። ይህም ከበዛ፣ በተቋሙ በብዛት የሚታዘዙ 30 ያህል መድኃኒቶች በአንድ ገጽ ላይ ይታተሙና ባለሙያው «የለም» ባለ ቁጥር አንድ ጭረት ያድርግ። ዓርብ ማታ ጭረቱ ይቆጠራል። አርአርኤፍ ሲሞላ ቁጥሩ ከጎኑ ይቀመጣል። የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከቃለ ጉባኤው በፊት እሱ ይነበባል።

የሚያስቀረው ሥራው መብዛቱ አይመስለኝም። ፍርሃት ነው። «ጉድለታችንን በእጃችን ጽፈን ራሳችንን እናስገምግም?» የሚል ሰው ይኖራል፣ እውነቱንም ነው። ለዚህ ነው ለአለቆች የምጽፈው። ደብተሩን ግምገማ ላይ እንደ ዱላ ከተጠቀማችሁበት ሁለት ወር ሳይሞላ ባዶ ደብተር ይቀርብላችኋል። ብዙ ጭረት ያለበት ጤና ጣቢያ ሰነፍ ተብሎ አይፈረጅ። እንዲያውም ጭረት የሌለበትን ሄዳችሁ እዩት። በየሪፖርቱ የሚቀርበው የጠቋሚ መድኃኒቶች፣ ማለትም መኖራቸው ለናሙና የሚታየው ጥቂት መድኃኒቶች፣ መቶኛ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ሰው ማዘዣውን ይዞ እኔ ጋ ከተሰለፈ፣ መቶኛው ያላየው ነገር አለ።

ሌላ የሚገርመኝ ነገር፣ ማዘዣ የሚጽፈው ሐኪም ስቶር ውስጥ ምን እንዳለ አለማወቁ ነው። ሌላው የደም ግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል ሞልቶ ሳለ የሌለውን አምሎዲፒን የጻፈ ጤና መኮንን አላውቅም አትሉኝም። ለአንዳንዱ ታካሚ የግድ አምሎዲፒኑ ይሆናል፤ ለብዙው ግን አማራጭ አለ። በየሳምንቱ መጀመሪያ «ያለ፣ እያለቀ ያለ፣ የሌለ» የሚል አንድ ገጽ በየምርመራ ክፍሉ ቢለጠፍ ግማሹ ምልልስ ይቀር ነበር። ወጪው ወረቀትና ፕላስተር ነው።

ወደ ወቅቱ ልሂድ። የእኛ ዞን በአንድ ቀን ብርድና ሙቀት የሚያሳይ አገር ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማበርን ያለፈ ሰው ደብረ ሲና ላይ ጃኬት ያወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጥላ ይፈልጋል። መድኃኒቱም እንደዚያው ነው። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና የመርሐቤቴ ቆላ ወባ አለ። ከክረምት በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል። ያለፉት ሁለት ወራት ወጪ ግን የሐምሌና የነሐሴ ነው። በእሱ ተባዝቶ ለጥቅምት የተጠየቀ የወባ መድኃኒት ኮአርተም ለጥቅምት አይበቃም። መንዝና ጊሼ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ክረምት ሲገባ ጭቃው መኪና አያሳልፍም፤ በጉንፋንና በሳንባ ምች የሚመጣው ሕፃን የሚበዛው ደግሞ በብርዱ ሰሞን ነው። ስለዚህ የሰኔ ጥያቄ እንደ ጥር ጥያቄ መታየት የለበትም። ይህን የወረዳ ባለሙያ በቃሉ ያውቀዋል። ቅጹ ላይ ግን አያሰፍረውም፣ ምክንያቱም የሚያስደግፍበት ቁጥር የለውም። ያለፈው ዓመት የጥቅምት ጭረት ቢኖረው ይኖረው ነበር።

ጠበሉንም አትርሱት። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ የሚመጣው ሰው ከአገር ሁሉ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት፣ ኪኒኑን ይዞ መጥቶ እዚያው ያለቀበት ሰው ቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ይህ ሰው በወረዳው የሕዝብ ቁጥር ውስጥ የለም። ዕቅድ ውስጥም የለም።

ስለ ጸጥታው ብዙ አልልም፤ እናንተም እኔም የምንኖርበት ነው። በ2014ቱ ጦርነት በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና በኩል ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ መንገድ መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሁለት ወር ዝቅተኛ ክምችት ቅንጦት አይደለም። መንገድ ክፍት የሆነ ዕለት ምን ቀድሞ መጫን እንዳለበት ማወቅ አለብን። የእናቶችን ሕይወት የሚያድኑት ኦክሲቶሲንና ማግኒዥየም ሰልፌት ቀድሞ ይጫኑ ወይስ ቫይታሚን? ወሳኙን ከተፈላጊው መለየት ማለት ይኼ ነው። በነገራችን ላይ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ሸዋ ሮቢት ላይ ፍሪጅ በሌለበት ክፍል የዋለ ኦክሲቶሲን ስቶር ካርዱ ላይ «አለ» ይባላል። እናት ደም ሲፈሳት ግን ላይሠራ ይችላል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው። በአንድ በኩል የለም እያልን በሌላ በኩል ኤክስፓየር ያደረገ መድኃኒት በካርቶን እናቃጥላለን። ደጋ ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የወባ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ጊዜው ሲያልፍበት አይቻለሁ። በዚያው ወር ቆላው ላይ ያለቀባቸው ነበሩ። ማንም ክፉ ሰው የለበትም። ሳይጠየቅ ተገፍቶ የመጣ ዕቃ ነበር፤ ተቀባዩም የዕቃ መረከቢያውን ሞዴል 19 ቆርጦ አስገባው። ለሌላ ወረዳ ለመስጠት ደብዳቤ ይጻፋል፣ ፊርማ ይጠበቃል፣ መኪና ይፈለጋል፣ በዚህ መሀል ጊዜው ያልፋል። ለመጣል የሚወጣው ኮሚቴና ቃለ ጉባኤ ለማዛወር ከሚጠይቀው ይበልጣል፤ ግን የማዛወሩን ሥራ ዋና ሥራዬ የሚል ሰው የለም። ከዞን አንድ ሰው ይመደብ። ሥራው ስድስት ወር የቀረውን ዕቃ ዝርዝር ከየተቋሙ መቀበልና ጭረት ካለበት ደብተር ጋር ማገናኘት ይሁን። ለክትባት ወይም ለሱፐርቪዥን የሚወጣ መኪና ሁለት ካርቶን ይዞ ቢሄድ ምን ይጎዳል?

የገንዘቡን ነገር ሳላነሳ ብቀር ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል። የፕሮግራም መድኃኒት፣ ማለትም የቲቢው፣ የኤችአይቪው፣ የወባውና የቤተሰብ ምጣኔው፣ በነጻ ይመጣል። ሌላው በተዘዋዋሪ ፈንድ ይገዛል። ሸጠህ ትገዛለህ፣ ገዝተህ ትሸጣለህ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መድኃኒታችን በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ትናንት የተሸጠበት ገንዘብ ዛሬ ያንኑ ዕቃ መልሶ አይገዛም። ፈንዱ ሳይሰረቅ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቁጭ ብሎ አነሰ። በዚህ ላይ ለአበልና ለጥገና «ለጊዜው» እየተባለ ከሱ የሚወሰድ ከሆነ ምን እንደሚተርፍ ቦርዶች አስቡት። የመድኃኒት ገንዘብ ለመድኃኒት ብቻ ይሁን። ካነሰም ለወረዳ ምክር ቤት በጀት ሲጠየቅ «መድኃኒት የለንም» ከማለት «በዚህ ሩብ ዓመት ይህን ያህል ታካሚ ይህን መድኃኒት አጥቶ ተመልሷል» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያውን ሁሉም ሰምቶ ሰልችቶታል።

የጤና መድኑም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ገበሬው መዋጮውን በዓመት አንዴ ይከፍላል። ሲታመም መታወቂያውን ይዞ ይመጣል። ካርድ ነጻ፣ ምርመራ ነጻ፤ መድኃኒት ላይ ሲደርስ «ውጭ ግዛ»። በሚቀጥለው ዓመት «አላድስም» ቢል ማን ይፈርድበታል? ተቋሙ ደግሞ ለመድን አባላት የሰጠው መድኃኒት ገንዘብ ተመርምሮ እስኪመለስለት ይጠብቃል፤ ክፍያው ሲዘገይ የሚገዛበት ያጣል። ደብተሩ ላይ የመድን አባሉ ተለይቶ ይጻፍ ያልኩት ለዚህ ነው። የመድን ጽሕፈት ቤቱ የከፈለበት አገልግሎት የት ላይ እንደተቋረጠ ማየት አለበት።

አዲስ ነገር ከላይ ብቻ ነው የሚመጣው እንዳትሉኝ። ዛሬ በብዙ ሆስፒታል የምናውቀው ኤፒቲኤስ፣ የመድኃኒት ሽያጭና ክምችት ኦዲት እንዲደረግ የሚያስችለው አሠራር፣ የተጀመረው በእኛው ክልል ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። እዚያ የነበሩ ባለሙያዎች ችግራቸውን አይተው የጀመሩት ነገር አገር አቀፍ ሆነ። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ለመጀመር ሥልጠና፣ አዳራሽና አበል አያስፈልግም። ሦስት ጤና ጣቢያ ይመረጥ፤ አንድ ከመንዝ፣ አንድ ከቀወት፣ አንድ ከመርሐቤቴ። ለአንድ የአርአርኤፍ ዙር፣ ለሁለት ወር ይሞከር። በሁለት ወሩ መጨረሻ ላይ የደብተሩ ቁጥርና የቅጹ ቁጥር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ልዩነት ከሌለው እኔ ተሳስቻለሁ፣ ይቅር። ልዩነት ካለው የሚቀጥለው ጥያቄ በደብተሩ ቁጥር ተስተካክሎ ይላክ።

በእኔ በኩል ከዛሬ ጀምሮ የማደርገውን ልንገራችሁ። የመንግሥት ተቋም ማኅተም ያለባቸውን፣ እኔ ጋ የሚመጡ ማዘዣዎች የታካሚ ስም ሳልጽፍ በመድኃኒት ዓይነትና በመጡበት ወረዳ እየለየሁ እመዘግባለሁ። ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ለሚፈልገው ጽሕፈት ቤት በነጻ እሰጣለሁ። ሌሎች የግል መድኃኒት ቤቶችም ቢጠየቁ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ እስካሁን የጠየቃቸው ስለሌለ ነው።

ከሠላምታ ጋር
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ
ደብረ ብርሃን